የላላ የምሰሶ መቀመጫና የበሰበሰ ወለል በትንሽ ባለሸራ ጀልባ ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው አካላቸው ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ የሸራ ምሰሷቸውም ወለሉን በስቶ ወደ ጀልባዋ ሆድ የሚወርድ ሳይሆን በላይኛው ወለል ላይ የሚያርፍ ትናንሽ ባለሸራ ጀልባዎችን ነው። የእነዚህ ጀልባዎች የላይ ወለል አብዛኛውን ጊዜ ወጥ አይደለም። ከላይና ከታች ስስ የፋይበርግላስ ሽፋን አለው፤ በሁለቱ መካከል የባልሳ እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ ይገባበታል። ይህ አሠራር ወለሉን ቀላልም ጠንካራም ያደርገዋል፤ ይሁን እንጂ ጥንካሬው የሚጸናው ሦስቱ አንድ ላይ እንደተጣበቁ እስከቆዩ ድረስ ነው። ከዚህ በታች «የመሃል እንጨት» የተባለው በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ያለው ነው።

የምሰሶው መቀመጫ ይነቃነቃል። ብሎኖቹን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም?

አንዳንዴ ይበቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይበቃም። ምሰሶው ወጣሪ ሽቦዎቹ ወደ ታች እየሳቡት ስለሚቆም የመቀመጫው ብሎኖች ዋና ሥራ የምሰሶው እግር ወደ ጎን እንዳይንሸራተት መያዝ እንጂ ክብደት መሸከም አይደለም። ስለዚህ መቀመጫው ሲነቃነቅ ብሎኑ ተፈታ ከማለት በፊት ከሥሩ ያለው ወለል ሰመጠ ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የመሃሉ እንጨት በስብሶ ከሆነ ዳዶው በተጠበቀ ቁጥር ሁለቱ ሽፋኖች እየተቀራረቡ በመካከላቸው ያለውን ልል እንጨት ይጨፈልቁታል፤ ወለሉ በመቀመጫው ዙሪያ ይጎደጉዳል፤ የዝናብ ውኃ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ያቁርና በብሎኖቹ ቀዳዳ ሰተት ብሎ ይገባል። ማጥበቁ ነገሩን የሚያባብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ በመጠኑ አጥብቀው በዳዶው፣ በሮንዴላውና ሮንዴላው ባረፈበት ገጽ ላይ በማርከር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ከጥቂት ጉዞ በኋላ መስመሩ ሳይዛባ መቀመጫው እንደገና ከተነቃነቀ ዳዶው አልተፈታም፤ የሰመጠው ወለሉ ነው። መስመሩ ተዛብቶ ከተገኘና ወለሉም ጤነኛ ከሆነ ግን ዳዶዎቹን ውስጣቸው የናይለን ቀለበት ባላቸውና በንዝረት በማይፈቱ ዳዶዎች መለወጥ ሊበቃ ይችላል።

መበስበሱ ከየት ይመጣል?

ገብቶ መውጫ ካጣ ውኃ ይመጣል። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ለመኖር እርጥበት፣ አየርና መጠነኛ ሙቀት ይፈልጋል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ ሥራውን መጀመር አይችልም፤ ወደ 30 በመቶ ሲጠጋና ከዚያም ሲያልፍ ግን እንደልቡ ይስፋፋል። በሁለት የፋይበርግላስ ሽፋኖች መካከል የገባ ውኃ ፀሐይም ነፋስም ስለማያገኘው፣ አንድ ክረምት የገባው ሳይደርቅ የሚቀጥለው ይደረብበታል።

መግቢያው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቀዳዳ ነው። የመቀመጫው ብሎኖች፣ ለምሰሶው መብራት ሽቦ ማሳለፊያ የተበሳው ቀዳዳ፣ የእጅ መያዣዎችና የገመድ ማሰሪያዎች ቪቶች፣ እንዲሁም የቀድሞ ባለቤት አንድ ዕቃ ነቅሎ በሲልኮን የደፈናቸው አሮጌ ቀዳዳዎች ሁሉ ሊጠረጠሩ ይገባል። በብሎኑና በቀዳዳው መካከል ያለው ማሸጊያ ከዓመታት በኋላ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ምሰሶው ደግሞ በየማዕበሉ መቀመጫውን ስለሚያወዛውዘው የዚህ ቦታ ማሸጊያ ከሌላው ቀድሞ ይለቃል። ብዙ ሰው የሚፈራው የባሕር ውኃን ነው፤ እንጨት በማበስበስ ረገድ ግን ጨው የፈንገሱን ዕድገት በተወሰነ ደረጃ ስለሚገታው የዝናብ ውኃ ይብሳል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሳትንቀሳቀስ ዝናብ ሲወርድባት የከረመች ጀልባ ዘወትር ከምትጓዘው ቀድማ ወለሏ ቢበሰብስ ሊያስገርም አይገባም።

ውኃው የሚዛመትበት ፍጥነት እንደ እንጨቱ ዓይነት ይለያያል። ባልሳው ቃጫው ወደ ላይ እንዲቆም ተደርጎ በትናንሽ ቁራጭ ስለሚደረደር ውኃ ወደ ጎን የሚሄድበት ቀስ ብሎ ነው፤ በቁራጮቹ መካከል ያለው ክፍተት በሬዚን፣ ማለትም ፈሳሽ ሆኖ ተቀብቶ በሚደድር ማጣበቂያ፣ ካልተሞላ ግን በክፍተቱ ይሮጣል። የኮምፔንሳቶ ቃጫ አግድም በመሆኑ ውኃውን እየሳበ ከቀዳዳው ርቆ ይወስደዋል። ውርጭ በሚበረታበት አገር ሌላ ጣጣ ይጨመራል፤ ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ ሽፋኑን ከእንጨቱ ያላቅቀዋል።

መቀመጫው መነቃነቅ ሳይጀምር ችግሩን ከወዲሁ ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል። ቀድመው ምልክት የሚሰጡት ወጣሪ ሽቦዎቹ ናቸው። በልክ የተወጠሩ ሽቦዎች ያለ ምክንያት በየጊዜው የሚላሉና የማጥበቂያ ብሎኖቻቸውም ጥርሳቸው ወደ ማለቁ የተቃረበ ከሆነ የምሰሶው እግር እየሰመጠ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ከምሰሶው ሥር ያለ የክፍል በር ድሮ ሳያስቸግር ይዘጋ የነበረው አሁን ከላይ የሚይዝ ከሆነም ምክንያቱ ይኸው ነው። ከመቀመጫው ማዕዘኖች እየተነሱ ዙሪያውን የሚበተኑ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆችም በቸልታ መታለፍ የለባቸውም። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን በክፍሉ ጣሪያ ላይ ከብሎኖቹ ጫፍ የሚንጠባጠብ ቡናማ ውኃ ነው። ብርቱካናማ እድፍ የብሎን ዝገት ሊሆን ይችላል፤ ጠቆር ያለው ቡናማ ግን የእንጨቱ ብስባሽ ሟሙቶ የሚወርድ ነው።

ምን ያህል ቦታ እንደበሰበሰ በምን ይታወቃል?

በመጀመሪያ በጆሮ ነው። የካቻቢቴ የፕላስቲክ እጀታ ይዘው ከመቀመጫው ርቀው ጤነኛ ከሚመስል ቦታ በመጀመር ወለሉን በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ እየቆረቆሩ ይምጡ። ጤነኛው ወለል ጥርት ያለ አጭር ድምፅ ይመልሳል፤ የተላቀቀው ወይም የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ የተለወጠበትን እያንዳንዱን ነጥብ በእርሳስ ምልክት አድርገው ነጥቦቹን ሲያገናኙ የጉዳቱ ካርታ ይወጣል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያም ይረዳል፤ ነገር ግን ከሥር ያለ ብረት፣ የሽቦ መስመር ወይም ገና ያልደረቀ የወለል ገጽ ስለሚያሳስተው ብቻውን ሊታመን አይገባም።

የመጨረሻው ማረጋገጫ መብሳት ነው። በክፍሉ ጣሪያ በኩል፣ ከታች ወደ ላይ፣ በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበሱ፤ የላይኛው ሽፋን እንዳይበሳ በፑንታው ላይ ተለክቶ ቴፕ ይጠመጠማል። ከዚያ ፑንታው ይዞት የወጣውን ፍቅፋቂ በእጅ መዳፍ ላይ አድርጎ ማየት ነው። ደረቅ ባልሳ ነጣ ያለና እፍ ሲሉት የሚበን ነው። እርጥቡ ከፑንታው ጥርስ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ቀለሙ ገና ጤነኛ ቢሆንም በጣት ሲጨመቅ ያረጥባል። የበሰበሰው ጠቁሮ እንደ ጭቃ የሚላቆጥ ሲሆን የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። ከመቀመጫው ወደ ውጭ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ እየበሱ ደረቅ ፍቅፋቂ እስኪያገኙ ድረስ ይቀጥሉ። እርጥብ ሆኖ ያልበሰበሰው ቦታ ሊድን ስለሚችል በካርታው ላይ ከበሰበሰው ለይቶ ማስፈሩ በኋላ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ምሰሶውን ሳላወርድ መጠገን እችላለሁ?

አይቻልም። የወጣሪዎቹ ውጥረት በሙሉ ተደምሮ በምሰሶው እግር ላይ ስለሚያርፍ በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ የሚያርፈው ጫና በብርቱ ነፋስ የጀልባዋን የራሷን ክብደት ሊበልጥ ይችላል። ይህን የተሸከመ ወለል መቁረጥ አደጋ መጥራት ነው።

ከማውረድዎ በፊት በእያንዳንዱ የማጥበቂያ ብሎን ላይ ምን ያህል ጥርስ እንደሚታይ ለክተው ይጻፉ፤ መልሶ ሲቆም ምሰሶውን ቀጥ ማድረግ ይቀልዎታል። አንዱ ወጣሪ ከመፈታቱ በፊት ምሰሶው በክሬን ወይም በሌላ አስተማማኝ ገመድ መያዝ አለበት፤ ከሥሩም ሰው መቆም የለበትም። አካባቢው ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ ደግሞ ሥራው ይቁም። የአሉሚኒየም ምሰሶና የአይዝጌ ብረት ሽቦዎቹ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፉ መስመሩን መንካት ይቅርና ለከፍተኛ ቮልቴጅ መጠጋቱ ብቻ ሊገድል ይችላል።

ትናንሽ ቀዳዳዎች በስቼ ቀጭን ኢፖክሲ በመርፌ ብጨምርበትስ?

በተደጋጋሚ የሚጠየቅ፣ መልሱም ብዙዎችን የማያስደስት ጥያቄ ነው። ኢፖክሲ ከማድረቂያው ጋር ሲቀላቀል የሚደድር የሬዚን ዓይነት ነው። እርጥብ እንጨት ቃጫው በውኃ የተሞላ ስለሆነ ኢፖክሲውን አይቀበልም፤ ሬዚኑ ባገኘው ክፍተት ፈስሶ እዚህም እዚያም ተለያይቶ ይደርቃል። ውጤቱም ከላይ ሲረገጥ ጠንካራ መስሎ ከውስጥ መበስበሱን የቀጠለ ወለል ነው። በመርፌ መጨመር የሚጠቅመው እንጨቱ ደርቆና ጤነኛ ሆኖ ሽፋኑ ብቻ ሲላቀቅ፣ ያውም ሰው በሚረግጠው እንጂ ምሰሶ በሚያርፍበት ቦታ አይደለም። ከምሰሶ ሥር በዚህ መንገድ ማስታመም ሥራውን በእጥፍ አክብዶ ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው፤ በኋላ ሲከፈት በሬዚን የደደረውንና የበሰበሰውን ለይቶ ማውጣት ከመጀመሪያው ሥራ ይከብዳልና።

ከላይ ልክፈት ወይስ ከታች?

ከታች መክፈት የወለሉን መልክ አያበላሽም፤ ቀለምም የመንሸራተቻ መከላከያውን ሸካራ ገጽም መልሶ መሥራት አይጠይቅም። ነገር ግን ወደ ላይ እያንጋጠጡ እንጨትና እርጥብ ጨርቅ ከጣሪያ ላይ ማጣበቅ እጅግ አድካሚ ነው፤ ሬዚኑም ይንጠባጠባል። ከላይ ሲሠራ የመሬት ስበት ይረዳል፤ ክብደት ጭኖ መጫንም ይቻላል። ከምሰሶ ሥር ላለ ጥገና ከላይ መክፈት ይመረጣል፤ የምሰሶው መቀመጫ ራሱ ተመልሶ ሲገባ የጥገናውን ትልቁን ክፍል ስለሚሸፍነው የመልኩ ጉዳይ ያን ያህል አያሳስብም።

የላይኛው ሽፋን እንዴት ይቆረጣል?

መጀመሪያ ወለሉ ከውስጥ በኩል በእንጨት ድጋፍ ይያዝ። ሽፋኑ ሲቆረጥ ወለሉ ተፈጥሯዊ ጉብታውን አጥቶ ይረግባል፤ በረገበበት ከተጠገነም ለዘለዓለም እንደረገበ ይቀራል። በመቀጠል መቀመጫው ተነቅሎ፣ ዙሪያው በአሴቶን ከተጠረገ በኋላ የመቁረጫው መስመር ይሰመራል። መስመሩ በካርታው ላይ ከተመለከተው ጉዳት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ማዕዘኖቹም ክብ ሆነው መሰመር አለባቸው፤ ሹል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ይሆናልና።

መቁረጫው ግራይንደርም ሆነ ሌላ ጥልቀቱ በላይኛው ሽፋን ውፍረት ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ መወሰን አለበት። የታችኛው ሽፋን ከተቆረጠ አንድ ቀን የሚፈጀው ሥራ ሳምንት ይፈጃል። የተቆረጠው ሽፋን ቀስ ተብሎ በመሮ እየተፈለቀቀ ይነሳል፤ ጤነኛ ከሆነ መልሶ ስለሚጣበቅ አይጣልም። የበሰበሰው እንጨት በእጅና በማንኪያም ይወጣል፤ አስቸጋሪው ገና ጤነኛ ሆኖ ከታችኛው ሽፋን ጋር የተጣበቀው ዳርቻው ነው። እዚያ ላይ ስለታም ጠፍጣፋ መሮ ይዞ በትዕግሥት መላጥ እንጂ በመዶሻ መቸኮል አያዋጣም። በመጨረሻ የታችኛው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ በ40 ወይም በ60 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ሻክሮ አቧራው ይወገዳል።

ምን ያህል መድረቅ አለበት?

አዲስ ነገር የሚጣበቅበት እንጨት እርጥበቱ ከ12 እስከ 15 በመቶ ባለው መጠን ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ይመረጣል። ክፍት የሆነውን ቦታ ከዝናብ የሚከላከል፣ አየር ግን የሚያስገባ የፕላስቲክ ሸራ ዘርግቶ ቀን ከሌት የሚሠራ ማራገቢያ ማስቀመጥ ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው። ማሞቂያ መጠቀም ይቻላል፤ ሙቀቱ ግን እጅ ለረጅም ጊዜ ሊያሳርፉበት ከሚቻለው ማለፍ የለበትም። አሴቶን ወይም አልኮል ማፍሰስ ውኃውን ጠርጎ ያወጣዋል የሚባለው ልማድ ደግሞ አይመከርም፤ የተወሰነው በእንጨቱ ውስጥ ቀርቶ የኢፖክሲውን መድረቅ ያዛባል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥም የእሳት አደጋ ነው። መድረቅ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የቸኮለ ሰው እርጥቡን እንጨት ቆርጦ ቢጥል በአዲስ መተካቱ ብዙ ጊዜ ያፈጥነዋል።

በምሰሶው ሥር ምን ልተካ? ባልሳ መልሼ ባስገባስ?

ይህ የሥራው ዋና ጉዳይ ነው። ባልሳ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ቁልቁል የሚጫነውን በሚገባ ይሸከማል፤ ችግሩ ብሎን ያለበት ቦታ ሁሉ አንድ ቀን ውኃ ማስገባቱ አይቀርም። ስለዚህ ከመቀመጫው ሥርና ከዳርቻው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪያልፍ ድረስ ያለው ቦታ ሊበሰብስ በማይችል ነገር ቢሞላ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ በባልሳ ወይም ለባሕር ሥራ በተመረተ ኮምፔንሳቶ ቢሞላ ጥሩ ነው። ለኋለኛው ቢኤስ 1088 የሚባለውን ደረጃ ያሟላ ኮምፔንሳቶ ይመረጣል፤ ለቤት ዕቃ የተሠራው ውስጡ ክፍተት ሊኖረውና ኮላውም ውኃ ሊያስለቅቀው ስለሚችል አይሆንም።

የማይበሰብሰው ክፍል በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል። አንደኛው ጂ10 የሚባለውን፣ በፋብሪካ በከፍተኛ ግፊት ከመስታወት ጨርቅና ከኢፖክሲ የተሠራ ጠፍጣፋ ሰሌዳ በልኩ ቆርጦ ማስገባት ነው። ሁለተኛው የፋይበርግላስ ጨርቅ በኢፖክሲ እያረጠቡ ውፍረቱ እስኪሞላ ድረስ መደራረብ ነው። የመጀመሪያው ይወደዳል፣ ለመቁረጥም ያስቸግራል፤ ነገር ግን ሁለት ሦስት ሰሌዳ አጣብቆ ውፍረቱን ማምጣት የደርዘን ጨርቅ ድካም ያስቀራል። እንደ ጥድና ዋንዛ ያለ ወጥ ጣውላ ማስገባት የሚመርጡ አሉ፤ እርጥበት ሲያገኝ አብጦ ሽፋኑን ሊያላቅቅ ስለሚችል እኛ አንመክረውም። ጥቃቅን ባዶ የብርጭቆ እንክብሎች ያሉበትን ቀላል የኢፖክሲ ስቱኮ ደግሞ በምሰሶ ሥር ፈጽሞ አይጠቀሙ። ለማለስለስ የተሠራ እንጂ ጫና ለመሸከም የተሠራ አይደለም።

ቁራጮቹ መጀመሪያ ያለ ኮላ በቦታቸው ገብተው ይለካሉ። ከዚያ የሁሉም ገጽ በቀጭን ኢፖክሲ ይቀባል፤ በተለይ የባልሳና የኮምፔንሳቶ ጠርዝ እስኪጠግብ ድረስ ይደጋገማል። ከዚህ በኋላ በሲሊካ ዱቄት የወፈረ ኢፖክሲ በታችኛው ሽፋን ላይ በጥርሳም ማስቲሽ መግፊያ ይዘረጋና ቁራጮቹ ዳርና ዳራቸው ማጣበቂያው እስኪወጣ ድረስ ይጫናሉ። ትልልቅ ቁራጮችን አስቀድሞ በጥቃቅን ቀዳዳ መበሳት የታፈነ አየር ያስወጣል። ፕላስቲክ ከተነጠፈ በኋላ ውኃ የተሞሉ ጀሪካኖችን መጫን እኩል ግፊት ይሰጣል።

ሽፋኑ ተመልሶ እንዴት ይያያዛል?

አሮጌው ሽፋን ውስጡ ሻክሮ በወፈረ ኢፖክሲ ይጣበቃል፤ የቀረው ዙሪያውን የዞረው የመቁረጫ መስመር ነው። ይህን መስመር በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት አይበቃም፤ ጥንካሬው የሚመለሰው በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ሽፋን በሰያፍ ተሞርዶ አዲስ የፋይበርግላስ ጨርቅ ሲደረብበት ነው። የሰያፉ ስፋት የሽፋኑን ውፍረት 12 እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሽፋኑ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ ወገን 36 ሚሊ ሜትር ይሞረዳል ማለት ነው። ጨርቆቹ ስፋታቸው እየተለያየ ተደርድረው የቀድሞውን ውፍረት እስኪሞሉ ይደረባሉ። ለኢፖክሲ የተሸመነ ወይም የተሰፋ ጨርቅ ይመረጣል፤ የተቆራረጠ ጭረት ተጣብቆ የተሠራው ምንጣፍ መያዣው በፖሊስተር ሬዚን እንዲሟሟ የታሰበ በመሆኑ በኢፖክሲ በደንብ አይረጥብም።

ኢፖክሲ ስቀላቅል ምን ልጠንቀቅ?

የሬዚኑንና የማድረቂያውን መጠን። እንደ አምራቹ 5 ለ1፣ 3 ለ1 ወይም 2 ለ1 ሊሆን ይችላል፤ በይዘትና በክብደት ሲለካ ደግሞ ቁጥሩ ይለያያል። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማድረቂያውን መጨመር አያፈጥነውም፤ ላልቶ እንዲቀር ያደርገዋል። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ፈጣን ማድረቂያ ይግዛ። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የመድረቂያው ጊዜ በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር ማወቅም ይጠቅማል።

በጥልቅ ኩባያ ተቀላቅሎ የቆየ ኢፖክሲ የራሱን ሙቀት ማስወጣት ስለማይችል ይግላል፤ ኩባያውን አቅልጦ እስከ ማጨስ ይደርሳል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ይቀላቀል፣ ወዲያው ወደ ሰፊና ጠፍጣፋ ዕቃ ይገልበጥ፤ ጥልቅ ጉድጓድም በአንድ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ ሳያልፍ በንብርብር ይሞላ። ሥራውን ፀሐይ ስትበርድ፣ ከሰዓት በኋላ መጀመር ይመረጣል፤ ጠዋት እንጨቱ እየሞቀ ሲሄድ በውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ በሬዚኑ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ስስ ቅባት ሊወጣ ይችላል፤ ይህ የሚወገደው በውኃና በሻካራ ስፖንጅ ታጥቦ ነው። ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት ከተሞረደ ቅባቱ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ቀጣዩ ንብርብርም አይይዝም።

ከኢፖክሲ ይልቅ ርካሹን ፖሊስተር ሬዚን ብጠቀምስ?

ጀልባዋ ራሷ የተሠራችው በፖሊስተር ሊሆን ይችላል፤ ለአዲስ ሥራ ጥሩ ነው። በደረቀ አሮጌ ገጽና በእንጨት ላይ ግን የኢፖክሲን ያህል አይጣበቅም። ለምሰሶ ሥር ዋጋው መታየት የለበትም። በኢፖክሲ ላይ የፖሊስተር ቀለም ሽፋን ስለማይደርቅ ወይም ስለማይዝ ማጠናቀቂያው ባለሁለት ክፍል የፖሊዩሬታን ቀለም ይሁን።

አዲሶቹ የብሎን ቀዳዳዎች እንዴት ይበሱ?

በማይበሰብሰው ክፍል ውስጥ በቀጥታ በብሎኑ ልክ ይበሳሉ። የመሃል እንጨት ባለበት በማንኛውም ሌላ ቦታ ግን፣ ለምሳሌ በአቅራቢያው ላሉ የገመድ ማዞሪያዎች፣ ቀዳዳው መጀመሪያ በሰፊው ተበስቶ በወፈረ ኢፖክሲ ከተሞላ በኋላ ሲደርቅ እንደገና በልኩ ይበሳል። ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን የመጀመሪያው ቀዳዳ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን፣ የታችኛው ሽፋን ግን ሳይነካ ቢቀር ጥሩ ነው። እንዲህ ሲሆን ማሸጊያው ቢለቅ እንኳ ውኃው ወደ ክፍሉ ይንጠባጠባል እንጂ እንጨቱን አያገኘውም። ንጥብጣቢው ያናድዳል፤ ነገር ግን ወዲያው ይታያል።

የቀዳዳው አፍ በሰፊ ፑንታ ትንሽ ከተጎደጎደ ማሸጊያው በብሎኑ አንገት ዙሪያ ቀለበት ይሠራል። ለዚህ ሳይደርቅ ለብዙ ዓመት ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው የቡታይል ቴፕ ተመራጭ ነው። ጠንካራው የፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ደህና ያሽጋል፤ መቀመጫው መነቀል ያለበት ቀን ግን የወለሉን ሽፋን ይዞ ሊነሳ ይችላል። ሲልኮን ከዚህ ቦታ ይራቅ፤ የሚተወው ቅባት በኋላ ቀለምም ኮላም አያስይዝም። ሲጠበቅ የብሎኑ ራስ ከላይ ባለበት ተይዞ ከታች ያለው ዳዶ ይዞራል፤ ብሎኑ ከዞረ የተሠራው ቀለበት ይቀደዳል።

የተነቀሉትን ብሎኖች መልሼ ልጠቀም?

አይጠቀሙ። አይዝጌ ብረት እንዳይዝግ የሚጠብቀው ስስ ገጽ አየር ይፈልጋል፤ በእርጥብ እንጨት ውስጥ ታፍኖ የቆየ ብሎን ራሱ እያብረቀረቀ አንገቱ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። 316 የሚባለው ዓይነት አይዝጌ ብረት ይገዛ፤ ከታች ደግሞ በትንንሽ ሮንዴላ ፋንታ ጫናውን የሚያሰፋ ላሜራ ወይም የጂ10 ሰሌዳ ይግባ።

መቀመጫው አይዝጌ ብረት፣ ምሰሶው አሉሚኒየም ከሆነ በጨዋማ ውኃ ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ነጭ ዱቄት የሚታየው ለዚህ ነው። በመካከላቸው ስስ የናይለን ወይም የፖሊኤቲሊን ቁራጭ ማስገባት ይህን ይከላከላል። የምሰሶው እግር የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳም አለመደፈኑን ይመልከቱ።

ከወለሉ በታች ያለውን ድጋፍ መንካት ያስፈልጋል?

መመርመር ያስፈልጋል። ከምሰሶው ሥር በክፍሉ ውስጥ የሚቆመው ቋሚ ወይም ግድግዳ ጫናውን ወደ ጀልባዋ መሠረት ያወርዳል፤ ላዩ እንደ አዲስ ቢሠራና የቋሚው እግር ታች በሚያቁር ውኃ በስብሶ ከሆነ ወለሉ እንደገና ይሰምጣል። የቋሚውን እግር በስለታም ካቻቢቴ ወጋ ያድርጉት። ጫፉ ሳይቸገር ከገባ የተጀመረው ሥራ ገና አላለቀም።

ከአቧራውና ከኬሚካሉ ራሴን እንዴት ልጠብቅ?

የፋይበርግላስ አቧራ ቆዳን ያሳክካል፣ ሳንባን ይጎዳል፤ በደንብ ፊት ላይ የሚገጥም የአቧራ ማጣሪያ ጭንብል፣ መነጽርና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ኢፖክሲ ቆዳን በተደጋጋሚ ከነካ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ አንዴ የጀመረ ሰው ከዚያ በኋላ በትንሹም ይነሳበታል። ጓንት ሁልጊዜ ይደረግ። እጅ ላይ የፈሰሰው በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ አሴቶን ሬዚኑን አቅጥኖ ወደ ቆዳ ስለሚያስገባው እጅ አይታጠብበትም።

ምሰሶውን መልሼ የማቆመው መቼ ነው?

ኢፖክሲው በማግስቱ ደርቆ ቢታይም ሙሉ ጥንካሬውን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስኪያገኝ ድረስ አንድ ሳምንት መጠበቅ ይገባል፤ በቀዝቃዛ አየር ከዚያም ይበልጣል። ምሰሶው ሲቆም ወጣሪዎቹ ቀድሞ በተጻፈው ልክ መሠረት በግማሽ ይወጠራሉ፤ በማግስቱ ወደ ሙሉው ይደርሳሉ። ወለሉ ከፍ ብሎ ወደ ድሮው ቦታው ስለተመለሰ በማጥበቂያ ብሎኖቹ ላይ የሚታየው የጥርስ ቁጥር ከተጻፈው ይለያል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከመጀመሪያው ጠንከር ያለ ነፋስ በኋላ ውጥረቱን በድጋሚ ይለኩ። ጥቂት መላላት የአዲስ ሥራ ጠባይ ነው፤ አንድ ጊዜ ያስተካክሉ፣ ከሚቀጥለው ጉዞ በኋላም ደግመው ይለኩ። ሁለቱ መለኪያዎች እኩል ሲሆኑ የማጥበቂያ ብሎኖቹን በመቆለፊያ ፒን ይቆልፉ።